ቤዙ ለእኛ፣ እንቅልፉ ለጎረቤት

ስለ ሳብዉፈር፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ (ቤዙን) ለብቻው ስለሚያወጣው ስፒከር፣ ያላችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። ከደሴም ከኮምቦልቻም የመጣው ዞሮ ዞሮ አንድ ነው። ቤዝ እንወዳለን፣ ጎረቤት ደግሞ ከግድግዳው ማዶ ተኝቷል። በሉ እንጀምር።

ክፍሌ 4 ሜትር በ3 ተኩል ነው። 8 ኢንች ልግዛ ወይስ 12? (ሸዋ በር)

8 ወይም 10 ይበቃሃል። ከኢንቹ ይልቅ ሳጥኑን እይ። ቀዳዳ ያለው ሳጥን ታችኛውን ድምፅ አጉልቶ ያወጣል፤ ጎረቤት ቤት ሰተት ብሎ የሚገባውም እሱ ነው። ለአንተ ቀዳዳ የሌለው ድፍኑ ይሻላል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ዋት ደግሞ አትመነው። እውነት ቢሆን እንኳ ዋቱ እጥፍ ሲሆን የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ለጆሮ ትንሽ ጭማሪ ናት።

ግድግዳውን በሙሉ ስፖንጅ ለጠፍኩበት፤ ጎረቤቴ ግን አሁንም ያማርራሉ። (ሰኞ ገበያ)

ወንድሜ፣ ብርህን በላው። ስፖንጅ ክፍልህ ውስጥ ማስተጋባቱን ይቀንሳል እንጂ ቤዝ አያቆምም። የ40 ኸርዝ ድምፅ (ኸርዙ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል) የአንዱ ሞገድ ርዝመት 8 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። 5 ሳንቲም ስፖንጅ ለእሱ ምኑ ነው? የእንቁላል ካርቶኑንማ ተወው።

ቤዝ የሚቆመው ግድግዳው ከባድና ክፍተት የሌለው ሲሆን ነው። አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ ጎረቤትህ ሲያስሉ የሳላቸው ድምፅ ከላይ በኩል ይመጣል? እንደዚያ ከሆነ ግድግዳው ኮርኒሱ ጋ ቆሟል፣ ጣሪያው ድረስ አልደረሰም ማለት ነው። ተደርድረው በሚከራዩ ቤቶች ይሄ የተለመደ ነው። ድምፁ በኮርኒሱ ላይ ዞሮ ይወርዳል። የፈለግከውን ግድግዳው ላይ ብትለጥፍ ዋጋ የለውም። አከራይህን አስፈቅደህ ያንን ክፍተት በብሎኬት ዝጋው።

ታዲያ የት ላስቀምጠው? ሁሉም ጥግ አስገባው ይለኛል። (ኮምቦልቻ)

ጥግ ቤዙን ያጎላዋል፣ ልክ ናቸው። ግን ለጎረቤትም ያጎላዋል። እኔ የምልህ ወደ ራስህ አቅርበው ነው። ሶፋህ ጀርባ ወይም ጎን፣ ከጋራው ግድግዳ ራቅ አድርገህ። ግማሽ ሜትር ላይ ካለ ድምፁን ብዙ ቀንሰኸውም ደረትህን ይነካሃል። ክሮስኦቨሩን፣ ማለትም ከስንት ኸርዝ በታች ያለው ድምፅ ወደ ሳብዉፈሩ እንደሚሄድ የሚወስነውን ማስተካከያ፣ 80 ኸርዝ ላይ አድርገው። ከዚያ ካለፈ ተዋናዩ ከሶፋው ጀርባ የሚያወራ ይመስልሃል።

ይሄን የተማርኩት ቡና ላይ ነው። ጎረቤቴ እትዬ "ሲኒዬን ልትጨርሰው ነው" አሉኝ፤ ቀልድ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ወንድሜን ፊልሙን እንዲከፍት አዘዝኩና እሳቸው ጋ ተቀመጥኩ። ሁለተኛው ቡና እየተቀዳ ረከቦቱ ላይ ያሉት ሲኒዎች መንጫጫት ጀመሩ። አፈርኩ። የሚገርመው፣ ቤቱ መሀል ላይ ስቆም ቤዙ የለም ለማለት ይቻላል፤ አልጋቸው ራስጌ ላይ ግን ይደበድባል። ቤዝ ግድግዳ አጠገብ ይጠራቀማል። ወንድሜን ደውዬ ሳብዉፈሩን አንድ ሜትር አስገፋሁት፤ ሲኒዎቹ ዝም አሉ። እናንተም ከመግዛታችሁም ከማማረራችሁም በፊት ጎረቤት ቤት ሄዳችሁ ስሙት።

ከሥሩ ጎማ ባደርግስ? ፎቅ ላይ ነን።

አድርጊ እህቴ። በወለሉ በኩል የሚተላለፈውን ንዝረት ይቀንሳል። በአየር የሚሄደውን ግን አይነካም።

ፊልም ሳይከፈት ራሱ ያጉረመርማል።

አብሽር፣ አልተበላሸም ይሆናል። የመብራቱ 50 ኸርዝ ነው የሚሰማህ። ቲቪውንም ሳብዉፈሩንም አንድ ማከፋፈያ ላይ ሰካ። ካልጠፋ የዲሹን ገመድ ነቅለህ ሞክር። የመሬት ገመዱን ቆርጠህ እንዳትገላገለው ብቻ፣ አደገኛ ነው።

አባቴ መንዙማ ነው የሚሰሙበት። ትልቅ ያስፈልጋል? (ሐይቅ)

አያስፈልግም። ድቤ እንደ ፊልም ፍንዳታ እስከ 20 ኸርዝ አይወርድም። ትንሽ ድፍን ሳጥን ምቱን ጥርት አድርጎ ያሰማቸዋል። ለዚህ ትልቁ ትርፍ ነው።

ማታ ማታስ?

አምፕሊፋየርህ ናይት ሞድ ካለው ክፈተው፤ ፍንዳታውን ዝቅ፣ ንግግሩን ከፍ ያደርግልሃል። እኔ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ሳብዉፈሩን ነቅዬ አስቀምጠዋለሁ። ስትነቅል ግን የአምፕሊፋየሩ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ሳብዉፈር የለም በለው። አለበለዚያ ቤዙን ወደተነቀለው ገመድ ሲልክ ያመሻል፣ አንተም ስፒከሮቼ ሞቱ ብለህ ነገ ትደውልልኛለህ።