«አውራ ጣቱ ትነቃነቃለች፤ ማሽኑ ይረዳው ይሆን?»

ጥያቄ፦ ወንድሜ እዚሁ ኮዬ ፈጬ ሕንፃ ላይ ሲሠራ ከባህር ዛፍ መወጣጫ ወድቆ ህብለ ሰረሰሩ ተጎዳ። ዓመት ሊሞላው ነው። ከወገቡ በታች አይታዘዝለትም፤ ግን አጥብቆ ሲሞክር የቀኝ እግሩ አውራ ጣት ትነቃነቃለች። ሰሞኑን አንድ ፈረንጅ አንጎሉና ጀርባው ላይ መሣሪያ ተገጥሞለት ሲራመድ በስልክ አየን። ቱሉ ዲምቱ ያለ ሰው ደግሞ «ማሽኑ እኔ ጋ አለ» ብሎናል። እናታችን ላሟን ልትሸጥ ነው። ምን ይመክሩናል?
ታናሽ እህቱ

መልስ፦ እህቴ፣ እማማ ላሟን አይሽጡ። ሰውየው ጋ ያለውን ዕቃ አላየሁትም፤ በየሱቁ የሚሸጡት ግን ቆዳ ላይ ተለጥፈው ሕመም የሚያስታግሱ ወይም ያሉበትን ጡንቻ ብቻ የሚያኮማትሩ ናቸው።

ያያችሁት ኔዘርላንዳዊውን ገርት-ያን ኦስካምን ይመስለኛል። በ2023 እ.ኤ.አ. ሥራው ይፋ የሆነው የስዊዘርላንዱ የሎዛን ቡድን አንጎሉ ላይ ያስቀመጠው መሣሪያ ኤሌክትሪክ አይሰጥም፤ የመራመድ ሐሳቡን ያነባል። ኤሌክትሪኩን የሚሰጠው ህብለ ሰረሰሩ ላይ ያለው ነው። እሱም ቢሆን እግሩን እንደ አሻንጉሊት አይጎትተውም። በስሜት ነርቮች በኩል ገብቶ ጡንቻ አዛዥ ነርቮችን ያነቃቃል፤ ያኔ ከአንጎል የሚደርሳቸው ደካማ ትእዛዝ ይበቃቸዋል።

አንጎልንም ማነቃቃት ይቻላል፤ ከ1985 እ.ኤ.አ. ወዲህ ጭንቅላት ሳይከፈት በማግኔት ይሠራል። ሁለቱ ሲጣመሩ ወሳኙ ሰዓቱ ነው። በኒውዮርክ የጄሰን ካርሜል ቡድን በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው የአይጦች ጥናት፣ ህብለ ሰረሰሩ ከአንጎሉ 10 ሚሊ ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ሲነቃቃ ሁለቱ ምልክቶች እዚያው ተገናኝተው የጡንቻው ምላሽ ጎልቶ ጨመረ። ሲደጋገምም ለውጡ ከማነቃቃቱ በኋላ ቆየ። በክረምት ጭቃ የያዘውን የኮዬ ሚኒባስ ሰው ሁሉ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» ብሎ እኩል ሲገፋው አይደል የሚወጣው? በየተራ ቢገፉት ንቅንቅ አይልም።

ስለዚህ ያቺ ጣት ለእኔ ትልቅ ነገር ናት። ግን አንድ ነገር አረጋግጪልኝ። እግሩን ደግፈሽ «አሁን አንቀሳቅስ» በይው፤ ከዚያ «ተው» በይው፤ ደጋግሚው። በቃልሽ ከተነሣችና ካቆመች ከአንጎሉ የሚወርደው መስመር ጨርሶ አልተበጠሰም። ሳይፈልግ፣ ብርድ ልብሱ ሲነካት ብቻ የምትዘል ከሆነ ግን የህብለ ሰረሰሩ የራሱ ምላሽ ነው። በፈቃዱ የምትነቃነቅ ከሆነ በየቀኑ ራሱ ይሞክር፤ የሎዛኑም ሰውዬ ከመሣሪያው ጋር ብዙ ልምምድ ሠርቶ ነው በኋላ መሣሪያው ሳይበራም በክራንች መራመድ የቻለው።

ከገላን እስከ ኮዬ በየቤቱ እየዞርኩ ስሠራ ከምንም በላይ አንጀቴን የሚበላኝ፣ ማሽን ሲጠበቅ መቀመጫው የቆሰለ ልጅ ነው። የአልጋ ቁስል አጥንት ድረስ ይዘልቃል፤ ሕይወትም ይቀጥፋል። አልጋ ላይ ቢበዛ በየ2 ሰዓቱ ገልብጡት፣ ዊልቸር ላይ በየ15 እስከ 30 ደቂቃው መቀመጫውን ያንሣ፣ ማታ ማታ ተረከዙንና ታፋውን በብርሃን እዪለት። ቀልቶ በጣት ሲጫኑት የማይነጣ ቦታ ካገኘሽ በዚያ በኩል አይተኛ። ቁርጭምጭሚቱንም አፍታቱለት፤ የደረቀ መገጣጠሚያን የትኛውም ኤሌክትሪክ አያራምደውም።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሙን «ጉዳቱ ሙሉ ነው ወይስ ከፊል?» ብለሽ ጠይቂ። ይህ የሚለየው ፊንጢጣ አካባቢ ያለውን ስሜትና መኮማተር በመመርመር ነው፤ ወንድምሽ እንዳያፍር ቀድመሽ ንገሪው። ያሉሽን ጻፊልኝ፤ የቤት ልምምዱን በዚያ ልክ አዘጋጅቼ እልክልሻለሁ።