መልስ፦ ነፋስ ወደሚበረታበት በረዷማ ተራራ ስለ መውጣት

ነፋስ የሚበረታበትን ሩቅና በረዷማ ተራራ ለመውጣት ስንት ቀን መመደብ እንዳለብዎ ጠይቀዋል። ከቀኑ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ነፋሱ ነው፤ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ሴልሺየስ ሆኖ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ነፋስ ቢነፍስ፣ የተገለጠ ቆዳ የሚሰማው ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 29 ዲግሪ ያህል ይሆናል። ነፋሱ በረዶውን ጠርጎ ከነፋስ በተከለለው ተዳፋት ላይ ስለሚከምረው፣ ጸጥ ያለ የሚመስለው ያ ወገን፣ በተለይ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ካዘነበለ፣ ለበረዶ ናዳ የተጋለጠ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የሚያድሩበትን ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር ባልበለጠ ይጨምሩ፤ አውሎ ነፋስ ቢያግድዎ የሚበቃ ሁለት ሦስት ትርፍ ቀንም ከነምግቡና ከነነዳጁ ይያዙ። የመመለሻ ሰዓትዎን ከመነሳትዎ በፊት ወስነው፣ ጫፉ በቅርብ ቢታይዎ እንኳ ሰዓቱ ሲደርስ ይመለሱ።