ካሴቱን ሳታስገለብጪ ካሜራውን እንዳትሰጪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አባትሽ አንድ ዜኒት የፎቶ ካሜራ፣ አንድ ሶኒ ሃንዲካም (የእጅ ቪዲዮ ካሜራ) እና አንድ ካርቶን የቪዲዮ ካሴት ትተውልሽ ሄደዋል። ኮዬ ፈጬ ያለው ቤታችሁ ባለ አንድ መኝታ ነው፣ ሁለተኛ ልጅ እየጠበቃችሁ ነው፣ ባለቤትሽም «የማይሠራ ዕቃ ምን ያደርግልናል» ብሏል። ልሽጠው ወይስ ላስቀምጠው ነው ያልሽው። እኔ ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ ለ20 ዓመት ያህል ሠርግና ክርስትና በቪዲዮ ስቀርጽ የኖርኩ፣ አሁን ሰበታ የምኖር ሰው ነኝ። የፎቶ ካሜራውን እንደወደድሽ አድርጊው። የቪዲዮ ካሜራውን ግን ካሴቶቹ ሳይገለበጡ፣ ማለትም ወደ ኮምፒውተር ሳይቀዱ፣ ከቤትሽ እንዳታወጪው።

ይህን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። በ2003 ዓ.ም. ከኪራይ ቤት ወደ ሰበታ ስንገባ ጓዝ ለመቀነስ ያላወጣነው ዕቃ የለም። የእኔ ሃንዲካም ባትሪው መያዝ አቁሞ ነበር። «ልዋጭ!» እያለ የሚያልፈውን ልጅ ጠርቼ ከአሮጌ ጫማ ጋር ደርቤ ሰጠሁት፤ በምትኩ አንድ የፕላስቲክ ሳፋና ሁለት ጆግ ተቀበልኩ። ካሴቶቹን ግን አልሰጠሁም፤ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ቁም ሣጥን ውስጥ አኖርኳቸው። ሁለት ዓመት ቆይቶ እናቴ ዐረፈች። ፎቶዋ ሞልቷል፤ ድምፅዋ ግን ያለው በሃንዲካሙ በተቀረጹ ሦስት ትንንሽ የሃይ 8 ካሴቶች ላይ ብቻ ነበር። ዴክ አለኝ፤ ግን ዴክ የሚያጫውተው ትልቁን የቪኤችኤስ ካሴት ነው። ለትንሿ ካሴት የራሷ ዓይነት ካሜራ ያስፈልጋታል፤ ያን ደግሞ በሳፋ ለውጬዋለሁ።

አንዱን ካሴት ከተማ ውስጥ ለሚገለብጡ ሰዎች ሰጠሁ። ማሽናቸው በላው፤ ተጨማዶ መለሱልኝ። ከዚያ ስምንት ወር ሙሉ ፈለግሁ። በመጨረሻ ቡራዩ የሚኖር አንድ የድሮ ደንበኛዬ ወንድሙ ከውጭ የላከለትን ዲጂታል 8 ካሜራ፣ የሃይ 8 ካሴትም የሚያጫውት፣ አዋሰኝ። ከቀሩት ሁለት ካሴቶች አንዱን ሻጋታ ጨርሶታል። ሌላው ሠራ። የፋሲካ ዕለት ነው፤ እናቴ ቡና እየቆላች ጭሱ ሌንሱን ሲሸፍነው «ተው አንተ ልጅ፣ ይሄን ነገር ከፊቴ አንሳልኝ፣ ቡናዬን ልታሳርረኝ ነው» ትላለች። 14 ደቂቃ ናት። ልጆቼ አያታቸውን የሚያውቋት በእሷ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ካሴቶቹን በየዓይነታቸው ለዪ። መጽሐፍ የሚያህለው ቪኤችኤስ ነው። የድምፅ ካሴት የምትመስለው፣ ግን አጠር ወፈር ያለችው፣ ቪዲዮ 8 ወይም ሃይ 8 ናት። ከክብሪት ቀፎ ትንሽ ከፍ የምትለው ሚኒ ዲቪ ናት። ከዚያ ሌላ ነገር ከማድረግሽ በፊት የእያንዳንዱን መቅጃ መከላከያ ዝጊ፤ በትንንሾቹ ካሴቶች ጠርዝ ላይ የምትንሸራተት ምላስ አለች፣ በቪኤችኤሱ ደግሞ የምትሰበር ጥርስ። ልጅ ቀይዋን ቁልፍ ተጭኖባቸው የጠፉ ሠርጎች አውቃለሁ፤ በላዩ ላይ የተቀዳበት ካሴት አይመለስም። በመስኮቱ በኩል ጥቅሉን በብርሃን እዪው፤ ነጭ አቧራ ወይም የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለው ሻጋታ ነውና ለብቻው አስቀምጪው። እሱን ያጫወተ ካሜራ ሄዱ (ካሴቱን የሚያነበው ክፍል) ይቆሽሻል፣ ሻጋታውም ወደ ጤነኞቹ ካሴቶች ይተላለፋል።

ካሜራው አይሠራም ያላችሁት ምናልባት ባትሪው ሞቶ ነው። የሃንዲካም ባትሪ መጀመሪያ የሚሞት ነገር ነው፤ በቻርጀሩ በቀጥታ ከመብራት ሞክሩት። ሲነሳ ደግሞ የአባትሽን ካሴት አትክተቺበት፤ የማያሳዝን ካሴት አስገብተሽ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አጠንጥኚ፣ እንደማይበላ እርግጠኛ ሁኚ። የእውነት ከሞተ፣ ካሴቶቹም የ8 ዓይነት ከሆኑ፣ ዲጂታል 8 ፈልጊ፤ አንዳንዶቹ ሞዴሎች የቆዩትን ካሴቶች ያጫውታሉ፣ ሁሉም ግን አይደሉም፤ በዓይንሽ ሳታዪ አትግዢ። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ካሴት ካለ ኤንቲኤስሲ በሚባለው የምስል ሥርዓት የተቀዳ ነው፤ የእኛ ዴክና ቴሌቪዥን ደግሞ ፓል በሚባለው ሌላ ሥርዓት ነው የሚሠሩት። ምስሉ ቀለም ቢያጣ ወይም ቢንከባለል ካሴቱ ተበላሸ ብለሽ አትጣዪው።

መገልበጥ ጊዜ ይፈልጋል፤ የአንድ ሰዓት ካሴት የሚገለበጠው በአንድ ሰዓት ነው። ሚኒ ዲቪ በፋየርዋየር (ካሜራውን ከኮምፒውተር በሚያገናኘው) ገመድ እንዳለ ሲወርድ ለአንድ ሰዓት 13 ጊጋ ባይት ያህል ይይዛል፤ ስለዚህ ፍላሽ ሳይሆን ሀርድ ዲስክ፣ እሱም ሁለት ቦታ። ለሰው ከሰጠሽ አንድ ካሴት ብቻ ሰጥተሽ ውጤቱን እዪ። ሁሉንም በአንድ ቀን እንዳታስረክቢ። ደግሞ አታቆዪው። የመጨረሻው የቪኤችኤስ ዴክ አምራች፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ማምረት አቁሟል፤ በሥራ ላይ ያለው ሁሉ አሮጌ ነው፣ የሚጠግነውም ሰው እያረጀ ነው።

እስከዚያ ካርቶኑን ከአልጋ ሥር አውጪው። ክረምት ላይ የሲሚንቶ ወለል እርጥበት ይስባል። ካሴቶቹ እንደ መጽሐፍ ቆመው ቁም ሣጥን ላይኛው መደርደሪያ ይግቡ፤ አዲስ ጫማ ውስጥ የሚገኙትን የሲሊካ ጄል ከረጢቶች አብሪያቸው። ከሁሉም ዕቃ ባትሪ አውጪ። ለፎቶ ካሜራው የመብራት ፍላሽ ካለና ባትሪው ፈስሶ ነጭ ነገር ከሠራ፣ ጥጥ በትንሽ አቼቶ አርጥበሽ ጥረጊው፣ ከዚያ በደንብ ይድረቅ።

ሁሉም ተገልብጦ ሁለት ቦታ ከተቀመጠ በኋላ ሃንዲካሙን ብትሸጪው ማንም አይወቅስሽም። እኔ ብሆን ግን ለሌላ ቤተሰብ ካሴት እንዲሆን በውሰት እንዲዞር አደርገው ነበር፤ የቡራዩው ሰው ለእኔ እንዳደረገልኝ።

ዜኒቱ ቀላል ነው። አብዛኛው የዜኒት ሞዴል መካኒካል ስለሆነ ያለ ባትሪ ፎቶ ያነሳል፣ ቦታም አይፈጅም። ከቆዳ ማኅደሩ አውጥተሽ አስቀምጪው፤ ቆዳው እርጥበት ይዞ ሌንሱን ያሻግታል። መሸጥ ከፈለግሽም የሚፈልገው አይጠፋም፣ በተለይ ሄሊዮስ ሌንስ ካለው። ግን ጀርባውን ቶሎ አትክፈቺ። በስተግራ ያለችውን የፊልም መመለሻ ቀስ ብለሽ አዙሪያት፤ ከከበደችሽ አባትሽ ያልጨረሱት ፊልም ውስጡ አለ ማለት ነው። በኃይል አትጎትቺው፤ የፊልም መልቀቂያዋን ቁልፍ ተጭነሽ ወደ ቆርቆሮው እስኪመለስ አጠንጥነሽ ከዚያ ክፈቺው።