1.1 ወይስ 2.0? ስለ ዳታቨርስ ጥያቄሽ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ላላየ ሰው ባጭሩ ልድገመው። ዳታቨርስ (የምርምር ዳታ ማጋሪያ ሲስተም) ላይ ፐብሊሽ ያደረግሽው ዳታሴት አለ። ፋይሉ ደህና ነው። መግለጫው ላይ ግን «በብር» ያልሽው ኮለም ለካ በሺህ ብር ነው። አርመሽ ፐብሊሽ ልታደርጊ ስትይ አዲሱ ቨርዥን (እትም) «1.1 ወይስ 2.0» ይሁን ብሎ ጠየቀሽ። የቱን ልምረጥ፣ አሮጌውንስ ላጥፋው ወይ ነው ያልሽው።

አሮጌውን አታጠፊውም። አንዴ ፐብሊሽ የሆነ ቨርዥን ፋይሉ ከእይታ ሊነሳ ይችላል፤ ገጹ ግን ከነምክንያቱ ይቀራል። ለመግለጫ ስህተት ደግሞ እዚያ ድረስ አያስኬድም። እርማትሽ አሁን ድራፍት ሆኖ ተቀምጧል፤ ፐብሊሽ እስክታደርጊው ሰው የሚያየው የቀድሞውን ነው። ስለዚህ ተረጋግተሽ አስቢበት።

የቨርዥኑ ቁጥር ላይ ግን ሰፋ አድርጌ ልንገርሽ፤ ደርሶብኛልና። አራት ኪሎ አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት ዳታ አደራጅ ነበርኩ። በየክፍለ ከተማው የተሰጡ አገልግሎቶችን የያዘ ሠንጠረዥ ዳታቨርስ ላይ አወጣን። ዓመቱ «2012» ይላል። ለእኛ ግልጽ ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር የ2012 በጀት ዓመት ነው። ይህን ግን ማናችንም አልጻፍነውም። ከወራት በኋላ አንዲት ተመራማሪ ስድስት ኪሎ አንድ ካፌ ቀጥራኝ ላፕቶፗን ከፈተች። የእኛን 2012 ከፈረንጆቹ 2012 የሕዝብ ቁጥር ግምት ጋር አጣምራ ስንት ሳምንት ደክማበታለች። በጣም ነው ያዘንኩት። እሷ ምን አጠፋች? ያነበበችው እኛ የጻፍነውን ነው።

ስናርመው ከፋይሉ አንድ ቁጥር አልነካንም። የሚሸፍነውን ጊዜ በሚጠይቀው ቦታ ከ2019-07-08 እስከ 2020-07-07 ብለን ሞላን፤ ከሐምሌ 1 ቀን 2011 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2012 ማለት ነው። መግለጫው ላይም በቃል ጻፍነው። ባልደረቦቼ «ፋይሉ ስላልተቀየረ 1.1 ይበቃል» አሉ። ሲስተሙም ይፈቅዳል፤ ፋይል ከተቀየረ 2.0 ግዴታ ነው፣ ሜታዳታ (ስለ ፋይሉ የሚገልጸው መረጃ) ብቻ ከሆነ ምርጫው የባለቤቱ ነው። እኔ 2.0 ይሁን ብዬ ተከራከርኩ። ሰው ዳታሴቱን ሲጠቅስ ከዲኦአዩ (ከዳታሴቱ ቋሚ መለያ) ጋር የሚወጣው «ቪ1» ወይም «ቪ2» ብቻ ነው፤ ከነጥቡ በኋላ ያለው ቁጥር አይታይም። ዲኦአዩ ደግሞ አንድ ነው። 1.1 ብንለው ኖሮ በስህተቱ ያሰላውም ከእርማቱ በኋላ ያሰላውም እኩል «ቪ1» ብለው ይጠቅሱ ነበር። ማን የትኛውን እንዳየ በምን ይለያል?

ስለዚህ ራስሽን ጠይቂ፦ ትናንት ያወረደው ሰው ስሌቱን እንደገና መሥራት አለበት? አለበት ከሆነ 2.0። የፊደል ግድፈት ወይም የተጨመረ ቁልፍ ቃል ከሆነ 1.1 ይበቃል። ያንቺ ብርና ሺህ ብር ነው፤ እኔ ብሆን አላመነታም፣ 2.0 ነው።

ለሚ ኩራ ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ 11ኛው ክፍለ ከተማ ሲሆን ደግሞ የዚያ የእኛ ሠንጠረዥ ፋይሉ ራሱ ተቀየረ። ያኔ የቀድሞውን ቨርዥን እንዳለ ተውነው። የድሮው ቦሌ ሌላ ቦሌ ነው፤ ስሙ አንድ ቢሆንም ቁጥሩን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር አይቻልም። ይህንንም መግለጫው ላይ አሰፈርነው።

ዜኖዶ (ሌላ የምርምር ዳታ ማጋሪያ) የምትጠቀሙ ልብ በሉ፣ እዚያ አሠራሩ ይለያል። ሜታዳታው አዲስ ቨርዥን ሳይወጣ ይታረማል፤ አዲስ ቨርዥን ከወጣ ግን የራሱ ዲኦአይ ይሰጠዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ዳታቨርስ የቨርዥኖቹ ዝርዝር ላይ ምን እንደተቀየረ ያሳያል፤ ለምን እንደተቀየረ ግን አንቺ ካልጻፍሽው የሚነግር የለም። መግለጫው መጀመሪያ ላይ እንዲህ በዪ፦ «በ1.0 በብር ተብሎ የተገለጸው ኮለም በሺህ ብር ነው። ቁጥሮቹ አልተቀየሩም። በ1.0 መግለጫ ያሰላችሁ ውጤታችሁን በ1,000 አባዙ።» ቀኑንም ጨምሪበት፤ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነም ጻፊ።