አለቃ ሁሉ ካፒቴን ራጅቪር አይደለም

ልጆች፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ስለ አንድ የህንድ ድራማ ላወራችሁ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ነርስ የነበረች ሴት ስለ ወታደር ድራማ ምን አገባት እንዳትሉኝ፣ ትንሽ ታገሱኝ።

ድራማው «ሌፍት ራይት ሌፍት» ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2008 ሳብ ቲቪ በሚባል የህንድ ጣቢያ የታየ ነው። ዱባይ ሠርታ የመጣችው የእህቴ ልጅ ሂንዲ ትሰማለች፤ ስልኳ ላይ ከፍታ እየተረጎመች አስጀመረችኝና ሱስ ሆኖብኝ ቀረ።

ስድስት ወጣቶች ካንቸንጁንጋ የሚባል ወታደራዊ አካዳሚ ይገባሉ። አካዳሚው የድራማው ፈጠራ ነው፣ ስሙን የወሰደበት ተራራ ግን የእውነት አለ። ሁሉም የየራሱን ጣጣ ተሸክሞ ነው የመጣው። ናይና የምትባለው ለምሳሌ የመጣችው ወታደር የነበረው ወንድሟ እንዴት እንደሞተ ለማወቅ ነው። የሚያሰለጥናቸው ካፒቴን ራጅቪር ነው። ፊቱ የማይፈታ፣ ሲቆጣ ቤቱን የሚያቀዘቅዝ ሰው። መጀመሪያ ይጠሉታል፣ ኋላ ይወዱታል።

እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነገር ነው። ድራማ ውስጥ ኃይለኛ አለቃ ካያችሁ ትንሽ ጠብቁ፣ ልቡ ቅቤ ሆኖ ይገኛል። ደራሲው እንደዛ ብሎ ጽፎታላ! የእናንተን መሥሪያ ቤት ግን ማንም ደራሲ አልጻፈውም። የሚጮህባችሁ ሰው በሆዱ የሚወዳችሁ ላይሆን ይችላል። ዝም ብሎ ባለጌም ሊሆን ይችላል።

ሁለቱንም አይቻለሁ። ተማሪ ሳለሁ፣ ለልምምድ በተመደብኩበት ሆስፒታል፣ የሰጠሁትን መድኃኒት ቻርቱ ላይ ሳልፈርም ወጣሁ። የማታ ተረኛዋ፣ በሽተኛው «አሁን ወሰድኩ እኮ» ባይላት፣ ልትደግመው ነበር። በነጋታው የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር በጓደኞቼ ፊት ድራሼን አጠፋችው። አለቀስኩ። ከዛ ቻርቱን አመጣችና አጠገቤ ቆማ ከመጀመሪያው ጀምሮ አሠራችኝ፣ ሳምንቱን ሙሉም መውጫዬ ላይ እየመጣች ፊርማዬን ታይ ነበር። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አንስታብኝ አታውቅም።

ተመርቄ የገባሁበት ቦታ ደግሞ ሌላ አለቃ ጠበቀኝ። ባጠፋም ይጮሃል፣ ባላጠፋም ይጮሃል። ጥፋቴን ያሳዩኝ ስለው መልስ የለውም። ሥራ ሲበዛ ቢሮው ተቆልፎ ይገኛል። ይሄን ሰው «ጠንካራ ሊያደርገኝ ነው» እያልኩ ሁለት ዓመት ተሸከምኩት። ያተረፍኩት ጨጓራ ብቻ ነው።

ህንዶቹ ራሳቸው መለኪያ አላቸው። ደህራዱን ያለው የእውነተኛው ወታደራዊ አካዳሚያቸው እ.ኤ.አ. በ1932 ሲመረቅ፣ ቼትዉድ የሚባል እንግሊዛዊ የጦር አዛዥ ለዕጩ መኮንኖቹ የተናገረው ነው፤ መጀመሪያ አገርህ፣ ቀጥሎ የምታዛቸው ሰዎች፣ የራስህ ምቾት ሁልጊዜም መጨረሻ። ቅኝ ገዢ ሆኖ «አገርህ» ማለቱ ያስቃል፣ ቃሉን ግን ወድጄዋለሁ። የእኛም የሐረር ጦር አካዳሚ በ1950 ዓ.ም. ገደማ ሲቋቋም የህንድ መኮንኖች ነበሩ ያሰለጠኑበት፣ ስለዚህ ነገሩ ሙሉ በሙሉ ባዕድ አይደለም።

በዚህ ለኩት አለቃችሁን። ችግር ሲመጣ ከፊት ነው ወይስ የለም? የሚቆጣው ሥራው ላይ ነው ወይስ እናንተ ላይ፣ ዘራችሁ ላይ፣ አለባበሳችሁ ላይ? ስታስተካክሉት ቁጣው ያልቃል? የሚያልቅ ከሆነ በድምፁ አታኩርፉ፣ ከሱ የምትቀስሙትን ቀስሙ። የማያልቅ ከሆነ የሆነውን ከነቀኑ እየጻፋችሁ ያዙ፣ ለምታምኑት ሰው ንገሩ፣ በጎን ሌላ ሥራ ፈልጉ። ዘላችሁ ግን አትውጡ፣ የቤት ኪራይ አለ።

ለሴቶቹ አንድ ነገር ልጨምር። ድራማው እ.ኤ.አ. በ2006 ሴትና ወንድ አንድ ላይ ሲያሰለጥን፣ ፑኔ አጠገብ ያለው የአገሪቱ ብሔራዊ መከላከያ አካዳሚ ገና ሴት አይቀበልም ነበር። የመጀመሪያዎቹ የገቡት ፍርድ ቤት ከወሰነ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። በ2025 ከመካከላቸው 17ቱ ተመረቁ። አንዳንዴ ድራማ ከእውነቱ ይቀድማል።

ይሄን ሁሉ ለእህቴ ልጅ ሳወራላት ዝም ብላ ስትሰማ ቆየችና «አክስቴ፣ የዱባይዋ ማዳሜስ ከየትኛው ናት?» አለችኝ።

«ስትታመሚ ሻይ የሚያፈላልሽ ማን ነበር?» አልኳት።

«እኔው ነኛ!» ብላ ሳቀችና የሚቀጥለውን ክፍል ከፈተችው።