መቅኔውን ማን ይስጥ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች፣ የምጽፍላችሁ ከፍኖተ ሰላም ነው። እናታችን 59 ዓመቷ ነው፣ ወገቧን ሲያማት ቆይቶ እኛ ያው እንስራ የተሸከመችበት ነው፣ እርጅናም እየመጣ ነው ብለን ወጌሻም ጸበልም ሞክረን በኋላ ባህር ዳር ስትመረመር መልቲፕል ማይሎማ ነው፣ የመቅኔ ካንሰር ነው አሉን። ኬሞ ጀምራ ዛሬ በእግሯ ሄዳ ትሳለማለች፣ ተመስገን። አሁን ሐኪሟ ውጭ ሄዳ የመቅኔ ንቅለ ተከላ ብታደርግ ጥሩ ነው ብሎ ወረቀት ጻፈልን፣ ወረቀቱ ላይ ኦቶሎገስ ትራንስፕላንት ይላል። ቤታችን የታመሰው ከዛ ወዲህ ነው። አምስት ልጆች ነን። ታላቅ ወንድሜ እኔ እሰጣለሁ ሲል ሚስቱ ወገቡ ተበስቶ ማን ሊያርስልኝ ነው አለች፣ ታናሽ እህቴን ደግሞ ገና አልወለድሽም መካን ትሆኛለሽ እያሉ አስፈራሯት፣ አሁን የተኳረፉም አሉ። ነገሩ ሙከራ ነው የሚል ጎረቤትም አልጠፋም። ከሁሉ የባሰው እናታችን ካንሰር መሆኑን አታውቅም፣ የደም ማነስ ነው ብለናታል። መቅኔውን ማን ይስጥ? እንንገራት ወይ? ቤትስ ምን እናዘጋጅ?

መልስ፦ እህታችን፣ መጀመሪያ የተኳረፉትን አስታርቂያቸው፣ የተጣሉት በሌለ ነገር ነው። ኦቶሎገስ ማለት ከራሷ ለራሷ ማለት ነው። ከአምስታችሁ አንዳችሁም መቅኔ አትሰጡም፣ ሰጪዋ እናታችሁ ራሳቸው ናቸው። ለማይሎማ በብዛት የሚደረገውም ይሄው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው፣ ኬሞው በሽታውን ካዳከመው በኋላ ለጥቂት ቀናት መርፌ ይወጋሉ፣ መርፌው ስቴም ሴል የሚባለውን የደም እናት ሴል ከመቅኔ ወደ ደም ያስወጣዋል፣ ከዛ በክንድ ወይ በአንገት በኩል ደማቸው በማሽን እያለፈ ሴሉ ብቻ ተለቅሞ ይቀመጣል፣ ሰዓታት ይፈጃል እንጂ የሚቀደድ ነገር የለም። ቀጥሎ ሜልፋላን የሚባል ከባድ ኬሞ ይሰጣቸዋል፣ ይሄ ኬሞ ከበሽታው ጋር መቅኔውንም ስለሚጎዳው የተቀመጠው ሴላቸው ከ1 ወይ ከ2 ቀን በኋላ ልክ ደም እንደሚሰጠው በቱቦ ይመለስላቸዋል። ቀዶ ጥገና የለውም። ሴሉ ሲመለስ እንዳይበላሽ የተቀመጠበት መድኃኒት ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት የሚል ሽታ ከትንፋሽም ከላብም ያወጣል፣ አስታማሚው ይሄን ካላወቀ ይደነግጣል። ሜልፋላኑ በሚገባበት ሰዓት በረዶ አፍ ውስጥ መያዝ የአፍ መቁሰልን ይቀንሳል፣ እዛ ሲደርሱ ጠይቁ።

ሙከራ ነው ለሚለው ጎረቤት ደግሞ አሜሪካዊው ዶክተር ዶናል ቶማስ ለሰው መቅኔ በደም ስር መስጠቱን በጽሑፍ ያሳወቀው በ1957 መሆኑን፣ በ1990ም ለዚሁ ሥራው ኖቤል መሸለሙን ንገሩልን (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። እግረ መንገዴን፣ በሽታው ሌላ ሆኖ መቅኔ ከሰው ቢፈለግ እንኳ የሚወሰደው ከዳሌ አጥንት ነው፣ አለዚያም እንዳልኩት ከደም፣ ከአከርካሪ አይደለም፣ በሳምንታት ውስጥ ይተካል፣ ማህፀንንም አይነካም። የአንድ እናትና አባት ልጆች መቅኔያቸው እርስ በርስ ሙሉ በሙሉ የመግጠም ዕድሉ ከ4 አንድ ነው፣ ልጅ ደግሞ ለወላጁ በግማሽ ይገጥማል። የደም ዓይነት የግድ አንድ መሆን የለበትም።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ንገሯቸው። አውቃለሁ፣ እኛ ጋ መርዶ እንኳ ሰው ተሰብስቦ፣ ሰዓት ተመርጦ ነው የሚነገረው፣ ክፉ ወሬን ከታማሚ መደበቅ እንደ ፍቅር ይቆጠራል። የደም ማነሱም ውሸት አይደለም፣ ማይሎማ ደም ያሳንሳል። ግን ፀጉራቸው ይረግፋል፣ ለሳምንታት ብቻቸውን ክፍል ውስጥ ይቀመጣሉ፣ ፎርም ይፈርማሉ፣ ውጭ አገር ያለው አስተርጓሚም ካንሰር የሚለውን ቃል አይደብቅላችሁም። ከባዕድ አፍ ከሚሰሙት ከልጃቸው አፍ ቢሰሙት አይሻልም? ደግሞ የደም ማነስ ነው ብሎ ያመነ ሰው ትንሽ ሲሻለው መድኃኒቱን ይተዋል፣ ለደም ማነስማ ምን ይሄን ሁሉ አስዋጠኝ ይላል፣ እውነቱን ነው።

አምስታችሁም ተሰብስባችሁ አትክበቧቸው፣ ለቅሶ ይመስላል። የሚያምኗት አንዷ ትንገራቸው፣ ቢቻል ሐኪሙ ባለበት። መጀመሪያ "እማ፣ ለመሆኑ በሽታው ምን ይመስልሻል?" ብላ ትጠይቃቸው። ብዙ እናቶች ጠርጥረው ለልጆቻቸው ሲሉ ነው ዝም የሚሉት፣ የናንተም ሳያውቁ ቀርተው አይመስለኝም። ብቻ "ጨርሶ ይነቅለዋል" እንዳትሏቸው። ይሄ ንቅለ ተከላ ማይሎማን ብዙውን ጊዜ ጨርሶ አያጠፋውም፣ ያስተኛዋል፣ ብዙ ሰው ዓመታት ያገኝበታል፣ ሊመለስ ግን ይችላል፣ ከዛ በኋላም የሚዋጥ መድኃኒት አለ። ይሄን ሰምተው አልሄድም ካሉ መብታቸው ነው፣ ኬሞውን መቀጠልም ራሱን የቻለ ሕክምና ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ በሬ ከመሸጣችሁና መሬት ኮንትራት ከመስጠታችሁ በፊት ከሆስፒታሉ ዋጋውን በጽሑፍ አስመጡ፣ የአስታማሚ ማረፊያ፣ ከተመለሱ በኋላ በየወሩ የሚገዛው መድኃኒትና የክትትል ምርመራው ሁሉ ተደምሮ። ለውጭ ምንዛሪው የሕክምና ቦርድ ወረቀት ሊጠየቅ ስለሚችል ሐኪማችሁን ከወዲሁ አናግሩት። የጉበት ቫይረስ ቢ እና የቲቢ ምርመራም ሳይሄዱ ይደረግላቸው፣ ተደብቆ የተኛ ካለ የሰውነት መከላከያ ሲወርድ ይነሳል።

አብሮ የሚሄደው የግድ በጣም የሚወዳቸው ሳይሆን መድኃኒት ጽሑፍ አንብቦ የሚገባው፣ ቶሎ የማይረበሽ፣ የሚያጠባ ልጅ የሌለው ቢሆን ይሻላል። ታላቅ ወንድምሽ ይቅርና እርሻውን ይያዝ፣ ሚስቱም ደስ ይላታል።

ሲመለሱ ነው ዋናው ፈተና። ያገሬው ሰው እንኳን እግዜር ማረሽ እያለ ጉንጭ ሊስም ይመጣል፣ ልጅ አዝሎ፣ ጉንፋን ይዞ። ከቤተሰቡ አንድ ፊቱ የማይበገር ሰው በር ላይ ይቁም፣ ሰው ቢቀየምም ይቀየም። ለመጀመሪያዎቹ ወራት ቢቻል ባህር ዳር ቤት ተከራዩ፣ ሐኪሙ ቅርብ ይሁን፣ ገጠር ቤት የውቂያ ብናኝ፣ የሻገተ ጭድ፣ የእበት ልቅለቃና የምድጃ ጭስ አለ፣ ሻጋታ ለሳንባቸው አደገኛ ነው። ጥሬ ሥጋ፣ ያልፈላ ወተት፣ የቤት እርጎና አይብ፣ ጠላ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ይቅር። ጸበልና ጾም ላይ እናንተ አትከራከሯቸው፣ የንስሐ አባታቸውን አስቀድማችሁ አስረዷቸው፣ ለታመመ ሰው ጾም መፍታት የሳቸው ሥልጣን ነው፣ ያልፈላ ውኃ መጠጣትና ቱቦ ይዞ መጠመቅ ለጊዜው እንደማይሆንም እሳቸው ቢነግሯቸው ይሰማሉ። የልጅነት ክትባቶችም እንደገና ስለሚሰጡ መቼ እንደሚጀመር ጠይቁ።

ቴርሞሜትር ግዙ። 38 ካለ ወይ ካንቀጠቀጣቸው ሌሊትም ቢሆን፣ በዓልም ቢሆን፣ ፓራሲታሞል ሰጥታችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ፣ ቀጥታ ሆስፒታል።