ጥያቄና መልስ፦ በአሜሪካ ኮሌጆች የሴት ተማሪዎች ማኅበራትና ፖለቲካ

(ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሲያትል፦ ሶሮሪቲ የሚባሉት ማኅበራት ለምን ተመሠረቱ?

መልስ፦ ወንዶች በሞሉበት ኮሌጅ ጥቂት የነበሩት ሴቶች እርስ በርስ እንዲደጋገፉ ነው። ዛሬ ፓይ ቤታ ፋይ የሚባለው በ1867 በኢሊኖይ ተመሠረተ። የነጮቹንና የጥቁሮቹን ማኅበራት ታሪክ ግን እንዳትደባልቁ አደራ እላለሁ።

ከአትላንታ፦ ከፖለቲካ ጋር ምን አገናኛቸው?

መልስ፦ ይህ ሰፊ መልስ የሚገባው ጥያቄ ነው። በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የጥቁር ሴቶች ማኅበር የሆነው አልፋ ካፓ አልፋ በ1908 ተመሠረተ። በኋላም ማኅበሩ ወደ ሕዝባዊ ጉዳይ ይበልጥ እንዲያዘነብል የፈለጉ 22 ተማሪዎች በጥር 1913 ዴልታ ሲግማ ቴታን አቋቋሙ። ሁለት ወር ሳይሞላቸው፣ ውድሮው ዊልሰን ለፕሬዚዳንትነት ቃለ መሐላ ሊፈጽሙ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ ሴቶች የመምረጥ መብት እንዲያገኙ በተጠራው ታላቅ ሰልፍ ላይ ወጡ፤ ታዋቂዋ የመብት ታጋይ ሜሪ ቸርች ቴረልም አብረዋቸው ተሰለፉ። በ1920 ሕገ መንግሥቱ ለሴቶች የመምረጥ መብት ቢሰጥም፣ በደቡብ የሚኖሩ ጥቁር ሴቶች አብዛኞቹ እስከ 1965ቱ የምርጫ መብት ሕግ ድረስ ከምርጫ ሣጥን ርቀው ቆይተዋል። ስለዚህ መራጭ ማስመዝገብ ከማኅበራቱ ዋና ዋና ሥራዎች አንዱ ሆነ። አባልነቱም በምረቃ ስለማያበቃ፣ ተመራቂዎቹ በየከተማው ቅርንጫፍ መሥርተው ሥራውን ይቀጥላሉ።

ከዴንቨር፦ አልስማማም። ከዴሞክራቲክ ፓርቲ ፖለቲከኞች ሸርሊ ቺዝም የዴልታ አባል ነበሩ፣ ካማላ ሃሪስም የአልፋ ካፓ አልፋ አባል ናቸው፤ ይህ የአንድ ፓርቲ መረብ ነው።

ከሚኒያፖሊስ፦ ከወንዶቹ ማኅበራት ስንት ፕሬዚዳንት ሲወጣ ማን እንዲህ ብሎ ጠየቀ?

ከዴንቨር፦ እኔ እነሱንም ነፃ አላወጣሁም።

መልስ፦ አባሉን ከማኅበሩ ለዩ። በ2024 ሃሪስ ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ የዘጠኝ የጥቁሮች ማኅበራት (የወንዶችም የሴቶችም) ጉባኤ የጀመረው የመራጮች ቅስቀሳ ለማንም ወገን ያላደላ ነበር።

ከዳላስ፦ ልጄ ብትገባ ክፍያው ስንት ነው?

መልስ፦ በየቅርንጫፉ ይለያያል፤ እዚያው ይጠይቁ።

ከቦስተን፦ ለመሆኑ የተመሠረቱት ለምንድን ነው?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ፤ እባክዎ ከመጠየቅዎ በፊት ያንብቡ።

ከናሽቪል፦ ዘረኝነት አለባቸው የሚባለውስ?

መልስ፦ «አለባቸው» ሲሉ የትኞቹን ነው? ለዚህ ነው አትደባልቁ የምለው። በ2013 በአላባማ ዩኒቨርሲቲ የነጮቹ ማኅበራት ብቁ የሆነችን ጥቁር አመልካች በቀድሞ አባላት ግፊት እንዳልተቀበሉ የተማሪዎቹ ጋዜጣ አጋለጠ፤ ከዚያም ዩኒቨርሲቲው የአባላት ቅበላውን ዳግመኛ አስከፈተ። የጥቁሮቹ ማኅበራት የተመሠረቱት እንዲህ ያለው በር ከመቶ ዓመት በፊትም ዝግ ስለነበረ ነው።